የወይን ጠጅ ማሳረጊያ፦ ከተዋጠ በኋላ የሚመጣው ጣዕም

ጠጅ የጠጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚመጣው የማሩ ጣፋጭነት ነው። ጠጁ ከጉሮሮ ወርዶ፣ ብርሌው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ሌላ ነገር ብቅ ይላል፤ የጌሾው ምሬት። ማሩ ሄዷል፣ ጌሾው ቀርቷል። የአንዳንዱ ጠጅ ምሬት ለስለስ ብሎ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። የአንዳንዱ ደግሞ ፊት ያስኮሳትራል።

የወይን ጠጅ ቀማሾች ይህን የመጨረሻ ክፍል ለይተው ይመዝኑታል። በእንግሊዝኛ «ፊኒሽ» ይባላል፤ እዚህ ማሳረጊያ እንበለው። ወይኑ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው ሁሉ ማሳረጊያ ነው፦ ጣዕሙ፣ መዓዛው፣ የአልኮሉ ሙቀት፣ ምላስና ድድ ላይ የሚተወው ስሜት፣ የሚቆይበት ጊዜ። «የኋላ ጣዕም» ከዚህ ጠበብ ይላል። የቀረው ጣዕም ምን ዓይነት ነው የሚለውን ብቻ ይመለከታል። ብዙ ሰው ሁለቱን እያቀያየረ ይጠቀምባቸዋል፤ አያጣላም።

ለቡና ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስፔሻሊቲ ቡና ለዓመታት ሲመዘንበት የኖረው ባለ100 ነጥብ ቅጽ 10 መመዘኛዎች ነበሩት። ከእነሱ አንዱ «አፍተርቴስት»፣ ማለትም የኋላ ጣዕም፣ ነበር። ቡና ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ ከተፋ በኋላ ዝም ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። እየጠበቀ ነው።

ምን እየጠበቀ? በዋናነት ሽታ። ምላስ ብቻዋን የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ ጨዋማ፣ መራራ፣ እንደ ሥጋ መረቅ ያለውም ጣዕም፣ ኡማሚ የሚሉት። «እንጆሪ እንጆሪ ይላል»፣ «ቫኒላ አለው» የምንለው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። አፍንጫ ሁለት በር አለው። አንደኛው ከፊት፣ ብርጭቆውን ስናሸት የምንጠቀምበት ነው። ሁለተኛው ከኋላ፣ ከጉሮሮ ወደ ላይ ይከፈታል። ወይኑን ውጠን አየር በአፍንጫ ስናስወጣ፣ አፍና ጉሮሮ ላይ የቀረው መዓዛ በኋለኛው በር ይገባል። ማረጋገጥ የፈለገ አፍንጫውን በጣቱ ይዞ አንድ ጉንጭ ይጠጣ፣ ይዋጥ፣ ከዚያ ይልቀቅ። መዓዛው የሚመጣው ሲለቅ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጡ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሆንበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ የቅምሻ አስተማሪዎች ሁሉ የሚናገሩት ነው። ለእኔ የሚገርመው ግን ምራቅ ነው። የማሳረጊያው አንድ ክፍል ጠርሙሱ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም፤ የተሠራው እኛው አፍ ውስጥ ነው።

ሶቪኞን ብላን የሚባለውን የነጭ ወይን ዝርያ እንውሰድ። የፈረንሳይዋ ቦርዶ የወይን ሊቅ ኤሚል ፔይኖ (1912–2004) ፍሬውን ሲቀምስ አንድ ነገር አስተዋለ። ፍሬው አፍ ውስጥ እያለ እዚህ ግባ የሚባል መዓዛ የለውም። ከተዋጠ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በኋላ ግን የሶቪኞን መዓዛ ድንገት ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጄኔቫ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በፍሬው ውስጥ ራሳቸው የማይሸቱ፣ ሽታውን አስረው የያዙ ውህዶች አሉ። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እስሩን ይፈቱታል። ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ ሽታው ዘግይቶ ይመጣል፤ ከመጣም እስከ 3 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ሽንኩርትና ቃሪያም ተመሳሳይ ጠባይ አሳይተዋል። የአንዱ ሰው አፍ ከሌላው ስለሚለይ፣ ከአንድ ጠርሙስ የጠጡ ሁለት ሰዎች ማሳረጊያው ላይ ቢከራከሩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምራቅ ጥሩውን ብቻ አይደለም የሚያወጣው። «የአይጥ ሽታ» የሚባል የወይን ብልሽት አለ። ማቆያ ሰልፋይት ሳይገባባቸው በሚጠመቁ ወይኖች ላይ በብዛት ይታያል። ብርጭቆውን ቢያሸቱት ምንም የለም። ቢጠጡትም መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። ከዋጡት ጥቂት ሰከንዶች በኋላ ግን የአይጥ ጎጆ የሚመስል ነገር አፍን ይሞላዋል። ወይን ጠጅ አሲዳማ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ከ3 እስከ 4 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። በዚያ አሲድ ውስጥ ሽታው ተደብቆ ይቆያል። ወደ 7 ከሚጠጋው ምራቅ ጋር ሲገናኝ ይነሳል። ጨርሶ የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ። የታደሉ ናቸው።

የጢሱም ነገር እንዲሁ ነው። በ2020 ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትታፈን ጢሱ ወይን እርሻዎች ላይ ተኛ። የጢሱ ውህዶች ወደ ፍሬው ገብተው ከስኳር ጋር ይጣበቃሉ፣ ሽታቸውም ይጠፋል። ወይኑ አፍ ሲገባ የተጣበቀው መላቀቅ ይጀምራል። የሚቀረው አመድ አመድ የሚል ጣዕም ነው፤ የሲጋራ መተርኮሻ እንደመላስ። አውስትራሊያውያን ወይን አምራቾችም ይህን ችግር ደጋግመው አይተውታል።

ቀይ ወይን ላይ ደግሞ አፍ የሚይዝ ነገር አለ። ያልበሰለ ሙዝ ወይም ብዙ የቆየ ሻይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የሚያመጣው ታኒን ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር፣ ከኦክ በርሜሉም ይገኛል። ታኒን የምራቅን ፕሮቲን ይይዘዋል፣ አፍን የሚያለሰልሰው ነገር ይጠፋል፣ ምላስና ጉንጭ ይደርቃሉ። ይህ ጣዕም ሳይሆን የመዳሰስ ስሜት ነው። በየጉንጩም ይጠራቀማል፤ አራተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው የባሰ አፍ ይይዛል።

ርዝመቱን መቁጠር ቀላል ነው። ፈረንሳዮች ለዚህ «ኮዳሊ» የሚባል መለኪያ አላቸው። ቃሉ ጭራ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ አንድ ኮዳሊ አንድ ሰከንድ ነው። ስንት ሰከንድ ረጅም ይባላል ለሚለው መልሱ ከአስተማሪ አስተማሪ ይለያያል። በግርድፉ ከ5 ሰከንድ በታች አጭር ነው፣ ከ10 ሲያልፍ ጥሩ ነው፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከሄደ ወይኑ ተራ አይደለም። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ደብሊው ኤስ ኢ ቲ የተባለው የወይን ትምህርት ተቋም ሰከንድ አያስቆጥርም። ከአጭር እስከ ረጅም 5 ደረጃዎች አስቀምጧል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ምን እንደሚቆጥር ስለማያውቅ ነው። የሚቆጠረው የመዓዛው ዕድሜ ነው። አሲድ ምራቅ ያስመጣል፣ አልኮል ጉሮሮ ያሞቃል፣ ስኳር ምላስ ላይ ይጣበቃል። ሦስቱም ይቆያሉ፤ ግን የወይኑ መዓዛ ከሄደ ቆጠራው አብቅቷል። እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጥቶ «ረጅም ነው» ከማለት በፊት የቀረው ፍሬው ነው ወይስ ስኳሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከባቱ (ዝዋይ) እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ የወጡት ሪፍት ቫሊ ወይኖች ለዚህ ልምምድ ይመቻሉ። ቀዩን ሲራና ነጩን ሻርዶኔ ጎን ለጎን አስቀምጦ መቁጠር ነው። ቀዩ አፍ ሲይዝ፣ ነጩ ምራቅ ሲያስመጣ ልዩነቱ ወዲያው ይገባል።

መርዘም ብቻውንም ሙገሳ አይደለም። አመዱም ይረዝማል፣ የአይጡም ሽታ ይረዝማል። እኔ 30 ሰከንድ ከሚመርር ወይን 6 ሰከንድ ንጹሕ ሆኖ የሚሄደውን እመርጣለሁ። የፈረንሳይዋ ቡርጎኝ ላይ ለምርጥ ወይኖች «የጣዎስ ጭራ» የሚል አባባል አለ። ወይኑ ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ እየጠበበ ሳይሆን እንደ ጣዎስ ጭራ እየተዘረጋ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተከፈተ ሲሄድ ነው። ለዚያ በደንብ የበሰለ ፍሬ ያስፈልጋል። የሐረጉ ምርት ያልበዛ፣ ጣዕሙም ያልቀጠነ ቢሆን ይመረጣል። ቆይታም ያግዛል። የሃንጋሪው ቶካይና የፖርቱጋሉ ማዴይራ በርዝመታቸው ስም ያተረፉት በስኳር ብቻ ሳይሆን ስኳሩን በሚያስታግስ ኃይለኛ አሲድ ነው።

ሙቀትና ምግብም ማሳረጊያውን ይለውጡታል። ከፍሪጅ አሁን የወጣ ቀይ ወይን መዓዛው ይታፈናል፣ ታኒኑ ይገናል፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ጥሬ ሥጋ ለቀይ ወይን ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ታኒኑ ከምራቅ ይልቅ የሥጋውን ፕሮቲን ይይዛል፣ አፍም አይደርቅም። አዋዜው ሲጨመር ግን ጨዋታው ይቀየራል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ማሳረጊያው እሳት ብቻ ይሆናል። ከቀይ ወጥ ጋር አልኮሉ ቀለል ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነጭ ይሻላል።

ብዙ ወይን ተራ በተራ የሚቀምስ ሰው የአንዱ ጭራ ሌላው ላይ እንዳይደርብበት መጠንቀቅ አለበት። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከደረቅ (ጣፋጭነት ከሌለው) ወደ ጣፋጭ ይሄዳል። በመሐል ውኃና ባዶ ዳቦ ይወስዳል። ጠጅ ከጠጡ በኋላ ግን አይሞከር፤ ጌሾው ቀድሞ ቦታውን ይዟል።