ሮክስበርግን ማን አፈረሰው?

እንግዳ ይዤ ከኤድንብራ ወደ ኬልሶ በወረድኩ ቁጥር፣ የሮክስበርግ ግንብ የነበረበት ሣር የለበሰው ጉብታ ጋ ስንደርስ «እንግሊዞች ናቸው አይደል ያፈረሱት?» የሚል አይጠፋም። አይደሉም! ስንቴ ልናገር?

በትዊድና በቴቪዮት ወንዞች መካከል የነበረው የሮክስበርግ ግንብ የስኮትላንድ ነገሥታት ቤት ነበር። ሣልሳዊ አሌክሳንደር በ1241 የተወለደው እዚያ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያፈረሱት ባለቤቶቹ ስኮቶች ናቸው፤ ያውም ሁለቴ።

በ1314 ግንቡ በእንግሊዞች እጅ ነበር። በዚያ ዓመት የቅበላ ማታ የስኮቶቹ የጦር መሪ ጄምስ ዳግላስ ሰዎቹን ጥቁር ካባ አልብሶ፣ በእንብርክክ እያስኬደ ወደ ቅጥሩ አስጠጋቸው። ዘበኞቹ ውጭ ያደሩ ከብቶች መሰሏቸው፤ በገመድ መሰላል ወጡባቸው። (የላም ቆዳ ለብሰው ነበር ይባላል። ካባ ነው።) ግንቡ ሲያዝ የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ እንዲናድ አዘዘ። ይሄን ስናገር «የገዛ ግንቡን?» ይሉኛል። አዎ፣ የገዛ ግንቡን! ግንብ ለያዘው ነው የሚያገለግለው። ብሩስ በየግንቡ የሚያስቀምጠው ትርፍ ጦር አልነበረውም፤ እንግሊዝ ተመልሶ ከገባበት ግን ዙሪያውን አገር ከዚያ ሆኖ ያዝዝበታል። እንደፈራውም ሆነ። እንግሊዞች ተመልሰው መጡ፣ ጠገኑት፣ ከ1346 ጀምሮ እስከ 1460 ሳይለቁ ተቀመጡበት። ታዲያ ማን አዳነው፣ ማን አፈረሰው?

በ1460 የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ግንቡን ከቦት ሳለ የራሱ መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ ገደለው፤ 29 ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ንግሥት ሜሪ ከበባውን አላስፈታችም። ግንቡ ተያዘ፣ ስኮቶቹም እንደገና ናዱት።

የፈነዳችው ሞንስ ሜግ የምትባለው ትልቅ መድፍ ናት የሚሉም አሉ። ሜግ የፈነዳችው በ1681 ኤድንብራ ግንብ ላይ ነው፤ ዛሬም እዚያው ግንብ ላይ ትታያለች።

ከትዊድ ማዶ ያለው ግዙፍ ሕንፃ ደግሞ ፍሎርስ ነው፤ በ1720ዎቹ የተሠራ የመስፍን ቤት። አንድ ወዳጄ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሳና «ጄምስ ያለቀበት ሮክስበርግ» ብሎ ለቤተሰቡ ላከ። የሚያበሳጨው ግማሹ ልክ መሆኑ ነው፤ ጄምስ የወደቀው በዚያው ማዶ፣ ዛሬ የፍሎርስ ግቢ በሆነው መሬት ላይ ነው ይባላል።

ስልካችሁ ላይ «ሮክስበርግ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ በዚያ ስም የሚጠራው የዛሬው መንደር ጋ ይወስዳችኋል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። «ሮክስበርግ ካስል» በሉ። ጫማችሁ የማይንሸራተት ይሁን፤ ዳገቱ ጭቃ ነው።