የቅጂ መብቱ ያበቃ ዲዛይን ምንድን ነው?

የቆየ የአበባና የወፍ ጥለት አገኛችሁ እንበል። ሻርፕ ላይ አሳትማችሁ ልትሸጡት ነው። «ይሄማ የድሮ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?» ማለት ይቀናል። ሕጉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው የጥለቱን ዕድሜ ሳይሆን ሠሪው መቼ እንደሞተ ነው።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው (የሠሪው) ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥ መብቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሞት በኋላ ያለው 70 ዓመት ነው። ይህ ሲያልፍ ዲዛይኑ የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ማተም ይቻላል።

እንግሊዛዊው የጥለት ሠሪ ዊሊያም ሞሪስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ጥለቶቹ ነፃ ከወጡ ቆይተዋል። በስዊድን ይሠራ የነበረው ዮሴፍ ፍራንክ ግን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1967 ስለሆነ፣ በ1940ዎቹ የሣላቸው ጨርቆች በአውሮፓ እስከ 2037 መጨረሻ ጥበቃ አላቸው። ለዓይን ሁለቱም «የድሮ» ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ከተሠራ 60 ዓመት አልፎታል። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት ግን በ2004 ዓ.ም. ነው። 50 ስትደምሩበት 2054 ይመጣል። መብቱ በማን እጅ ነው የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው የሠሪው ስም ነው። እዚህ ላይ ሻጭ የጻፈውን ብቻ አትመኑ። «የሞሪስ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹን የሣለው የሞሪስ ድርጅት ባልደረባ ጆን ሄንሪ ዲርል ነው፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። እሱም ቢሆን 70 ዓመቱን ጨርሷል፤ በሌላ ሠሪ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስሕተት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

የምትሸጡበት አገርም ወሳኝ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የታተሙ ሥራዎችን የምትቆጥረው ከታተሙበት ዓመት ጀምሮ ነው፤ እስከ 95 ዓመትም ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ነፃ የሆነ ነገር ዋሽንግተን ላይ ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው የድሮውን ጥለት ቀለሙን ቀይሮ፣ አዲስ ቅጠል ጨምሮ በቅርቡ ካወጣው፣ የጨመረው ነገር የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። ከሱ ፋይል ከመቅዳት የመጀመሪያውን ጨርቅ ወይም የድሮውን ኅትመት ፈልጋችሁ ከዚያ ብትነሡ ይሻላል።