የጅምላ መድኃኒት እደላን በወረርሽኝ መሃል መልሶ መጀመር ምንድን ነው?

መጋቢት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከበድ ያለ ምክር ሰጠ። ትኩረት ለሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች የሚደረገው የጅምላ መድኃኒት እደላ፣ የዳሰሳ ጥናትና የሕሙማን አሰሳ ለጊዜው ይቆይ አለ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ካገኘች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር። ሐምሌ ላይ ሁለተኛ መመሪያ ወጣ። ይሄኛው የቆመውን ሥራ እንዴት መልሶ መጀመር እንደሚቻል የሚናገር ነው።

የጅምላ እደላ ማለት አንድ በሽታ በተስፋፋበት አካባቢ ላለው ሕዝብ፣ ታመምክ አልታመምክ ሳይባል፣ በአንድ ሰሞን መድኃኒት ማዋጥ ነው። ዓይንን እስከ ማሳወር የሚያደርሰውን ተላላፊ በሽታ፣ ትራኮማን እንውሰድ። የዓለም ትልቁ የትራኮማ ሸክም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ አማራ ክልል ደግሞ በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። ቀበሌው ይጠራል፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ መዝገቧን ይዛ ትቀመጣለች፣ ሰው በየተራ የቁመት መለኪያው ዘንግ ሥር ይቆማል። ሚዛን ተሸክሞ ጎጥ ለጎጥ መዞር ስለማይመች የመድኃኒቱ፣ የዚትሮማክሱ (አዚትሮማይሲን)፣ መጠን የሚወሰነው በቁመት ነው። ለትንንሽ ልጆች ሽሮፕ፣ ስድስት ወር ላልሞላቸው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ክኒኑም እዚያው ነው የሚዋጠው፤ ቤት ወስዶ ማስቀመጥ የለም።

እንግዲህ ይህን ትዕይንት በኮሮና ዓይን እዩት። ሰልፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውኃ መጠጫው ኩባያ የጋራ፣ ሕፃኑን አፉን አስከፍቶ ሽሮፕ ማጠጣት።

የሐምሌው መመሪያ ጨርቄን ማቄን ሳትሉ ጀምሩ አላለም። ያስቀመጠው ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ይመዘናል፦ በዚህ ቦታ፣ ለዚህ በሽታ፣ ሥራው ቢጀመር ኮሮናን ምን ያህል ያስፋፋል? ቢቆምስ ምን ይመጣል? ሚዛኑ ወደ መጀመር ካደላ፣ ቀጥሎ አደጋው እንዴት እንደሚቀነስ ይወሰናል። ሰልፉ ሜዳ ላይ ተራርቆ ይሆናል ወይም እደላው ቤት ለቤት ይሄዳል። ሁሉም ኩባያውን ከቤቱ ያመጣል፣ ከመዋጡ በፊት እጁን ይታጠባል። አዳዩ ጭምብል ያደርጋል፣ የሰውየውን እጅ ሳይነካ ክኒኑን ይሰጣል።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ሁሉም ሥራ እኩል አደገኛ አይደለም። ክኒን ማደል ከሁሉ ይቀላል። የትራኮማ ዳሰሳ ግን ሌላ ነው። መርማሪው አጉሊ መነጽር አድርጎ፣ የልጁን የላይኛውን የዓይን ቆብ በጣቱ ገልብጦ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ቢያንስ 5 ነጥቦች መኖራቸውን ይፈልጋል። ፊት ለፊት ሆኖ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወረዳ እደላውን ጀምሮ ዳሰሳውን ቢያቆይ ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም።

ሌላው ራስ ምታት ወሬ ነው። በዚያው በ2012 ዓ.ም. አዚትሮማይሲንም አይቨርሜክቲንም የኮሮና መድኃኒት ናቸው እየተባለ ዓለም ሲያወራ ነበር። የመጀመሪያው ለትራኮማ፣ ሁለተኛው ጥቁር ዝንብ ለምታስተላልፈው የትል በሽታ፣ ለኦንኮሰርኪያሲስ፣ የሚታደሉ ናቸው! ሰው «የኮሮና መድኃኒት መጣ» ብሎ ቢሻማ ወይም «ሊሞክሩብን ነው» ብሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ለእኔ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ለምን እንዳልሆነም ቀድሞ መንገር ከጭምብሉ የማያንስ ዝግጅት ነው።

ታዲያ አንድ የእደላ ዙር ቢዘለልስ? እንደ በሽታው ነው። በኦንኮሰርኪያሲስ አይቨርሜክቲን ትልልቆቹን ትሎች አይገድልም። የሚገድለው ልጆቻቸውን ነው፤ እናቲቱንም ለተወሰኑ ወራት ብቻ ከመውለድ ያግዳታል። እሷ ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ዙሩ ሲዘለል እንደገና መውለድ ትጀምራለች፣ ጥቁር ዝንቧም ከወንዙ ዳር ሥራዋን ትቀጥላለች። ትራኮማ የሚዘዋወረው በተለይ በልጆች ፊት፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። በሽታው ቀለል ባለበት ወረዳ መዘግየቱ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በከፋበት ወረዳ ግን ቶሎ ያገረሻል። በሽታው ሲደጋገም የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይንን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ለጥቂት ጊዜ ቢያስታግስም መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። የሒሳብ ሞዴል የሠሩ ተመራማሪዎች ስርጭቱ ለከፋባቸው አካባቢዎች ያመጡት ሐሳብ፣ ሥራው ሲጀመር ተጨማሪ ዙር በመስጠት የጠፋውን ማካካስ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም አብሮ ይንሸራተታል። የትራኮማ እደላ ውጤት የሚለካው ከመጨረሻው ዙር ቢያንስ 6 ወር ተቆይቶ ነው። ዙሩ ከተገፋ ዳሰሳው ይገፋል፤ ወረዳውም ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በሽታው ከ5 በመቶ በታች መውረዱን አረጋግጦ እደላውን የሚያቆምበት ቀን እንዲሁ ይርቃል።