«ፌዴራል ዳኛ ፊት ቀረብኩ»፦ ስለ አሜሪካ ፌዴራል ዳኞች በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

«የኢሚግሬሽን ዳኛ ፌዴራል ዳኛ ነው»
በእኛ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የጥገኝነት ጉዳያችንን የሚሰማው የኢሚግሬሽን ዳኛ የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው፤ የሚሾመውም የሚኒስቴሩ ኃላፊ ነው። በየክፍለ ግዛቱ ባሉ የዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች (የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች) የሚያስችለውን ዳኛ ግን ፕሬዚዳንቱ ያጨዋል፣ ሴኔት ያጸድቀዋል። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ደመወዙም በወንበሩ እስካለ ድረስ ሊቀነስበት አይችልም። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ዳኛ ያየነው፣ ካየነው፣ ቀኝ እጃችንን አንስተን ለዜግነት ስንምል ነው።

«የሾመው ፕሬዚዳንት ያወርደዋል»
አያወርደውም። የተወካዮች ምክር ቤት ይከሰዋል፣ ሴኔት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያነሣዋል። አገሪቱ ከተመሠረተች ወዲህ የተከሰሱት ፌዴራል ዳኞች 15፣ ጥፋተኛ ተብለው የተነሡት 8 ብቻ ናቸው።

«ሲያረጅ በግድ ጡረታ ይወጣል»
የካንሳሱ ዌስሊ ብራውን በ1962 እ.ኤ.አ. በኬኔዲ ተሾሙ። መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላም የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያስችሉ ነበር። በ2012 ሲያርፉ 104 ዓመታቸው ነበር፤ እስከዚያም ዳኛ ነበሩ።

«ውሎው ሁሉ እንደ ፊልም ክርክር ነው»
አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚያልቀው ተከሳሹ ጥፋቱን ሲያምን ነው፤ ጁሪ (ከተራው ሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች) ፊት የሚደርሰው ከመቶ ጥቂቱ ነው። እኔ የዳኛው ሥራ ክብደት የሚታየኝ በዚህ የእምነት ቃል ላይ ነው። ዳኛው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ አንድ በአንድ ይጠይቃል፦ «ዛሬ መድኃኒት ወስደዋል? ያስፈራራዎት ሰው አለ? ከስምምነቱ ውጭ ቃል የተገባልዎት ነገር አለ? ጁሪ ፊት የመከራከር መብትዎን እየተዉ መሆኑን ይረዳሉ? ያደረጉትን በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ።» አስተርጓሚ ካለ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ተከሳሹ ከተደናገረ ዳኛው ያቆማል፣ ከጠበቃው ጋር እንዲመካከርም ጊዜ ይሰጠዋል። መልሱ ካላሳመነው የእምነት ቃሉን ሊመልሰው ይችላል።

«አገር ቤት የደረሰብንን በደል አያይም»
አይቶ ያውቃል። ቀልቤሳ ነገዎ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የከፍተኛ 9 (ቀበሌዎችን የሚያስተዳድር የከተማ አካል) ሊቀመንበር ነበር። እሱ ካሰቃያቸው ሴቶች አንዷ ከዓመታት በኋላ አትላንታ ውስጥ በምትሠራበት ሆቴል አየችው፤ እሱም እዚያው ተቀጥሮ ነበር። ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች፣ የውጭ ዜጎች ዓለም አቀፍ ሕግን በመጣስ ለተፈጸመባቸው በደል በአሜሪካ ፍርድ ቤት ካሳ እንዲጠይቁ በሚፈቅደው በ1789 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ከሰሱት። በ1993 የዲስትሪክቱ ዳኛ ያለ ጁሪ ብቻውን ተቀምጦ በልብሳቸው ገፈፋና በግርፋቱ ላይ የሰጡትን ምስክርነት ሰማ፤ ለእያንዳንዳቸውም 500,000 ዶላር ፈረደ። ነገዎ ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1996 ፍርዱን አጸናው።