የትዊድ ኮት አመራረጥና አለባበስ

ትዊድ ከበግ ጠጉር በተፈተለ ወፍራም ክር የሚሸመን ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ የስኮትላንድና የአየርላንድ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ለብርድና ለካፊያ የሚለብሱት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ለአደን ለበሱት፤ በእነሱ በኩል ወደ ከተማ ገባ። ከዚያ አመጣጡ የወረሰው ጠባይ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ትዊድ የሜዳ ልብስ ነው። ለሠርግ አዳራሽ እንደሚለበሰው ለስላሳና አንጸባራቂ ሱፍ ሊያደርገው የሞከረ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ይህን የተረዳ ገዢ የቀረው ምርጫ ይቀልለታል።

ስመ ጥሩው ሃሪስ ትዊድ ነው። የሚሠራው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ በሚገኙት የውጪ ሄብሪዲስ ደሴቶች ብቻ ሲሆን፣ በ1840ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሃሪስን ርስት ታስተዳድር የነበረችው እመቤት ደንሞር ለመኳንንት ወዳጆቿ ካስተዋወቀችው ወዲህ ገበያው ሰፋ። ስሙ ሲወጣ አስመሳዩም በዛ። ስለዚህ በ1909 የአምራቾች ማኅበር ተቋቋመ፤ ከ1911 ጀምሮም መስቀል የተተከለበት ሉል ያለው ማኅተም በጨርቁ ጀርባ ላይ ይመታ ጀመር። በ1993 የብሪታንያ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን ቆረጠ፦ ሱፉ ንጹሕና ከዚህ በፊት ያልተሠራበት ሆኖ በደሴቶቹ መነከርና መፈተል፣ ሸማኔው በገዛ ቤቱ በእጅ መሸመን፣ ማጠናቀቂያውም እዚያው መደረግ አለበት። ሸማኔው መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው በእግሩ እየረገጠ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል የለበትም።

የአየርላንዱ ዶኔጋል በላዩ እዚህም እዚያም በተበተኑ የቀለም እንክብሎች ይለያል። የሼትላንድ ትዊድ ለስለስ ይላል፤ የቼቪየት በግ ሱፍ ደግሞ ጠንካራና ደረቅ ስለሆነ ቅርጹን ይጠብቃል። የመንዝን በርኖስ በእጁ የዳሰሰ ሰው የዚህ ዓይነቱ ሱፍ ሻካራነት አዲስ አይሆንበትም።

ቀለሙ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ አብዛኛው የአለባበስ ውሳኔ የሚመጣው ከሱ ነውና። ለጥሩ ትዊድ ሱፉ የሚነከረው ሳይፈተል ነው። የተለያየ ቀለም ያለው ሱፍ በሚዛን ተደባልቆ ይባዘታል፣ ከዚያ አንድ ክር ሆኖ ይፈተላል። ስለዚህ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል ኮት ቀረብ ብለው ሲያዩት ብርቱካናማ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ጭረት ይወጣዋል። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ለባልሞራል ርስት ያዘጋጀው ጨርቅ ከሩቅ ግራጫ ነው፤ ከቅርብ ግን ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭና ደማቅ ቀይ ነው። የአካባቢውን ግራጫ የግራናይት ድንጋይ እንዲመስል ታስቦ ነበር። ለባሹ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አለ፦ ኮቱን በቀን ብርሃን ይዞ በውስጡ ከተደበቁት ቀለሞች አንዱን ይመርጣል፤ ክራባቱን ወይም ሹራቡን በዚያ ቀለም ያደርጋል። ይህን ያደረገ ሰው ቀለም ማጋጠም ያውቃል ይባልለታል።

በድርና ማጉ አሰካክ ከሚወጡት ጥለቶች ለመጀመሪያ ኮት የሚመከረው የዓሣ አጥንት የሚመስለው ሄሪንግቦን ነው፤ በግራጫ ወይም በቡና ቀለም ከሞላ ጎደል ከሁሉም ሱሪ ጋር ይሄዳል። ትልልቅ አራት ማዕዘን መስመር ያለው ትዊድ ያምራል፣ ነገር ግን ሰው ያስታውሰዋል። በሳምንት ሁለቴ ቢለበስ ያው ኮት መሆኑ ይታወቃል።

ክብደቱን ሳይጠይቁ መግዛት ስሕተት ነው። 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው ሃሪስ ትዊድ በአንድ ሜትር ርዝመት 500 ግራም ገደማ ይመዝናል። ማሞቂያ በሚነድበት ቢሮ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ይከብዳል፤ ለእሱ ከ340 እስከ 400 ግራም ያለው ይሻላል። የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋትም ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ግን ከባዱ በመከርና በጸደይ እንደ ካፖርት ያገለግላል። ሽመናው ክፍት በመሆኑ ኃይለኛ ንፋስ ያስገባል፤ በጥር ከላዩ ሌላ መደረብ ግድ ነው።

ልኩ ላይ የሚጀመረው ከትከሻ ነው። ስፌቱ የትከሻው አጥንት ጫፍ ላይ ማለቅ አለበት። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ በጎን ወደ ግድግዳ ሲጠጉ ክንድ ከመንካቱ በፊት የኮቱ ትከሻ ግድግዳውን ከነካ ሰፍቷል። ወገብን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ፣ እጅጌን ማሳጠር ለማንኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሆነ አያዋጣም። ቀጥሎ የአንገቱ ጀርባ ይታያል፤ በኮቱና በሸሚዙ ኮሌታ መካከል ክፍተት ካለ ኮቱ ከሰውየው አቋም ጋር አልተስማማም፣ ቢተውት ይሻላል። የደረቱ ዙሪያ ከሰውነቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ፤ ትዊድ ሹራብ ተደርቦበት ስለሚለበስ ጠባቡ ሲቆለፍ ሆድ ላይ ይጨማደዳል። እጅጌው የእጅ አንጓ ላይ አልቆ ሸሚዙን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳያል። የታችኛው ቁልፍ አይቆለፍም።

የውስጡ አሠራር ከውጭ አይታይም፣ በጣት ግን ይታወቃል። ከታችኛው ቁልፍ በላይ ጨርቁንና የውስጡን ሽፋን ቆንጠጥ አድርገው ሲያላቅቁ መሐል ላይ ሦስተኛ ልቅ ድርብ ከተገኘ በስፌት የተያዘ ሸራ ገብቶበታል ማለት ነው። ካልተገኘ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ርካሽ ይሆናል፣ ደጋግሞ ላውንደሪ ሲገባ ግን ደረቱ ላይ እንደ አረፋ ሊያብጥ ይችላል።

ከምን ጋር ይለበስ ለሚለው መለኪያው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የጨርቅ ሸካራነት ነው። ሻካራ ከሻካራ ይስማማል፦ ግራጫ የፍላኔል ሱሪ፣ ኮርደሮይ፣ ወፍራም የጥጥ ሱሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ። ከሌላ ሙሉ ሱፍ የተነጠለ ቀጭን አንጸባራቂ ሱሪ ከትዊድ ሥር ሲገባ ሁለቱም የተዋሱ ይመስላሉ። የሐር ክራባትም እንዲሁ ነው፤ የሱፍ ወይም የተጠለፈ ክራባት ይሻላል፣ ወይም ጭራሽ አለማሰር። ጫማው ቡናማ ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የጎደለው ሳይሆን የበዛው ነው፤ ትዊድ ኮት፣ ትዊድ ሰደርያ፣ ትዊድ ቆብና የኪስ ሰዓት በአንድ ቀን ከተሰበሰቡ ሰውየው ተውኔት ሊሠራ የሚወጣ ይመስላል። በአንድ ጊዜ አንድ ትዊድ ይበቃል። ክርን ላይ የሚለጠፈው ቆዳም መጀመሪያ ጥገና ነበር፤ ክርኑ ሲያልቅ ቢለጠፍ ያምርበታል።

የሴቶች ትዊድ የተለየ መንገድ ሄዷል። ፈረንሳዊቷ የልብስ ነዳፊ ኮኮ ሻኔል በ1920ዎቹ የወንዶቹን ጨርቅ ወስዳ ቀለለ አድርጋ አሠራችው። በኋላ የመጣው ኮሌታ አልባ አጭር ጃኬቷ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከታች በገበሩ ጠርዝ ላይ ሰንሰለት ይሰፋበታል። ይህኛው ለስላሳና ልል ስለሆነ ከሐር ጋርም ይስማማል፤ የወንዶቹ ሕግ አይሠራበትም።

ልባሽ ትዊድ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የተሻለ ግዢ ነው፤ ጨርቁ ረጅም ዘመን ይኖራል፣ በሳልቫጅም ሆነ በውጭ አገር የበጎ አድራጎት ሱቆች ይገኛል። ቁጥሩ ግን ያሳስታል፦ የእንግሊዝና የአሜሪካ 40 በኢንች የተለካ ደረት ሲሆን በአውሮፓ 50 ይባላል። በቁጥሩ ከመተማመን ኮቱን ዘርግቶ ከብብት ብብት ለክቶ በሁለት ማባዛት ይሻላል። ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀዳዳ መፈለግ፣ ብብቱንና የገበሩን ስፌት ማየት፣ ኮሌታውን ገልብጦ ሥሩን መመርመር አይቀርም። የብል ቀዳዳ አንድ ሁለት ከሆነ ከውስጥ እጥፋት በተመዘዘ ክር ስውር ጥገና ይሠራለታል። የብብት ሽታ ግን ለመልቀቅ ያስቸግራል።

እንክብካቤው ትንሽ ነው። ከለበሱት በኋላ ኪሱን ባዶ አድርጎ፣ በብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠርጎ፣ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ አንድ ቀን ማሳረፍ ነው። ዝናብ ከመታው ከማሞቂያ አርቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። ካውያ በቀጥታ ካረፈበት ያብለጨልጫል፤ መሐል እርጥብ ጨርቅ ይግባ። በማሽን ቢታጠብ ጠጉሩ ተሳስሮ ይጠብና ይኮማተራል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ላውንደሪ በዓመት አንዴ ይበቃል፤ ጊዜውም ለወራት ከመቀመጡ በፊት ነው፣ የብል እጭ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ሱፍ ይመርጣልና። ብል ከተጠረጠረ ኮቱን በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ሲያወጡት ላስቲኩ ወዲያው አይከፈትም፤ ውርጩ እስኪለቅ አንድ ቀን ይጠበቃል፣ አለዚያ ጨርቁ ይረጥባል።