ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ አትከልክሉት

ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ሲል፣ የጎረቤቴን የዓመት ከስድስት ወር ልጅ ተቅማጥ ያዘው። ቡና ላይ የነበርነው ሁሉ ሐኪም ሆንን። "ውሃ አትስጪው"፣ "ለስላሳ ግዢለት"፣ "ጥርሱ ነው"። እናቱ ጤና ጣቢያ ይዛው ሮጠች፣ ልጁም ደህና ሆነ። ያን ቀን የሰማሁት ምክር ሁሉ በፍቅር የተሰጠ ነው፤ ግን ልጅ ይገድላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

"በጠጣ ቁጥር ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ይቅርበት"

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ተቅማጥ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የሰውነትን ውሃና ጨው ስለሚጨርስ ነው። ልጁ ባይጠጣም መውጣቱ አይቆምም፤ ከራሱ ከሰውነቱ እየተቀዳ ይወጣል። ከወትሮው አብልጦ ይጠጣ። ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ስኒ ገደማ። ከዚያ በላይ እስከ 10 ዓመት ላለ ከ100 እስከ 200። ትልቅ ሰው የቻለውን ያህል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ፣ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ምግብም አይከልከል።

"ኦ አር ኤስ ሰጠሁት፣ ግን አላቆመለትም"

ኦ አር ኤስ በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት ነው፤ ሥራው ተቅማጡን ማቆም አይደለም። የወጣውን ይተካል፤ ተቅማጡ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ በራሱ ይተዋል። ደግሞ ብዙዎቻችን አበጣበጡን እናበላሸዋለን፣ ግማሹን ፓኬት በብርጭቆ በግምት እንበጠብጥና የቀረውን ለነገ እናስቀምጣለን። የተለመደው ፓኬት ሙሉውን ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ መለኪያችሁ እሱ ነው። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ፓኬት ከጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ። ጨው አታብዙ፣ አደገኛ ነው። ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና በጥብጡ። ለልጅ ዚንክም ጠይቁ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል።

"ግሉኮስ ካልተተከለለት አይድንም"

አንጀት ጨውንና ስኳርን አብረው ሲመጡለት ተያይዘው ያስገባቸዋል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ይሄ መንገድ በተቅማጥ ጊዜም አይዘጋም። በ1971 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በሚባል ቦታ፣ ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ ብሎ ነበር። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ እያስበጠበጠ በአፍ አስጠጣ። ከ100 ሕሙማን 30 ገደማ ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። በደም ስር የሚተከለው ግሉኮስ የሚያስፈልገው በጣም ለተዳከመ ወይም መጠጣት ላቃተው ነው።

"ያስመልሰዋል እኮ፣ ምን ላጠጣው?"

10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። ትንሽ ትንሹ ይገባል።

"ለስላሳ ጉልበት ይሆነዋል"

አይሆነውም። የበዛው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ይስብና ተቅማጡን ያባብሰዋል። የታሸገ ጁስም፣ በጣም የጣፈጠ ሻይም ያው ነው። የፎገራ ሩዝ በእጃችን እያለ! ሩዙን ቀቅሉና ውሃውን ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ስጡት። ቀጭን አጥሚትም ጥሩ ነው።

"ጥርሱ ነው፣ ይነቀልለት"

ጥርስ የሚያወጣበት ዕድሜ የሚድህበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ነው፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። የወተት ጥርስ ማስነቀልም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ሌላ በሽታ ያስገባል፣ ተቅማጡን ግን አያስቆምም። እባካችሁ ተዉት።

"ውሃውን በነጠላ አጥልዬዋለሁ"

ነጠላ ጭቃ ይይዛል፣ ጀርም አይይዝም። በክረምት ርብና ጉማራ የሚያመጡትን ደለል አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ጣና የሚገባው ጭቃ ብቻ አይደለም። የሐይቅ ውሃ የምትጠጡ ካጠለላችሁት በኋላ አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበትና የተጻፈውን ያህል ጠብቁ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ቤት አታቆዩት፣ ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ እየገዛችሁም ጊዜ አታጥፉ። ጤና ተቋም ውሰዱት። ከደቅ ደሴት በጀልባ የምትመጡ ከሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ የበጠበጣችሁትን ሃይላንድና ማንኪያ ይዛችሁ ተሳፈሩ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ እስክትደርሱ እያጠጣችሁት ኑ።