የዘይት ፊልትሮ በሰሜን ሸዋ፦ ለመኪናና ለሞተር ሳይክል ጥሩውን መለየት

የዘይት ፊልትሮ ሞተር ውስጥ የሚዞረውን ዘይት የሚያጣራ ዕቃ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚረግፍ ብናኝ፣ ከቃጠሎ የሚተርፍ ጥላሸት፣ በአየር ፊልትሮ ሾልኮ የገባ አቧራ፣ ሁሉም መጨረሻቸው ዘይቱ ውስጥ ነው። ፊልትሮው ካልያዛቸው ዘንጎቹ የሚዞሩበትን ብሮንዚንና ፒስተኑን ይበላሉ። ሞተር ለማሳደስ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ የፊልትሮ ዋጋ ምንም አይደለም። ሆኖም በአማርኛ ስለ እሱ ተጽፎ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። እዚህ የተሰበሰበው ከመኪና ማንዋሎች፣ ከአምራቾች ካታሎግና በደብረ ብርሃን ጋራዦች ከሚታወቀው ነው። የቶዮታ መረጃ እንደ ልብ ስለሚገኝ ስለ ቶዮታ የሚወራው ይበዛል።

አገሩና መንገዱ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ የሚወጣ ሃይሩፍ ዘይቱ ወፍሮ ነው የሚነሳው። ከዚያ ጣርማ በር ይደርሳል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በጣሊያን ጊዜ በተፈለፈለው ዋሻ ያልፍና ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከ1,300 ሜትር ያልበለጠ ቆላ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ነው። ሲመለስ ደግሞ ጭነቱን ይዞ ያንኑ ዳገት በከባድ ማርሽ ይወጣል፣ ዘይቱም በጣም ይግላል። ከጣርማ በር ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ በጀማ ሸለቆ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሠሩ መኪኖችና ሞተሮች ላይ ደግሞ አቧራው ይጨመራል። ዘይትና ፊልትሮ በአንድ ቀን ውስጥ እንዲህ የሚፈተኑበት አገር ብዙ አይመስለኝም፣ በዚህ መንገድ ላይ ያደጉ ሹፌሮችና መካኒኮችም ሞተር መስማት ያውቁበታል።

ቅዝቃዜው ለምን እንደሚያሳስብ ላስረዳ። ፊልትሮ ውስጥ ማሳለፊያ ቫልቭ አለ። ዘይቱ ወፍሮ ወይም ወረቀቱ ተደፍኖ ማለፍ ሲያቅተው ግፊቱ ቫልቩን ይከፍተውና ዘይቱ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ሞተር ይሄዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ያልተጣራ ዘይት ከምንም ዘይት ይሻላል። ቫልቩ የሚከፈተው በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 1.5 ባር ባለ የግፊት ልዩነት ሲሆን አምራቹ ለዚያ ሞተር ብሎ የወሰነው ልክ አለው። ርካሽ ፊልትሮ ላይ የቫልቩ ሞላ ልፍስፍስ ሊሆንና ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ክፍት ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ፊልትሮ ታስሯል ይባላል እንጂ አያጣራም። ወፍራም ዘይት ነገሩን ያብሰዋል። ማንዋሉ ቀጠን ያለ 10ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 ለሚል ሞተር ደጋ ላይ ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ሲሞላ፣ ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ሳይጣራ የሚዞርበት ጊዜ ይረዝማል።

አጀማመሩ

መኪና መጀመሪያ ፊልትሮ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1923 አሜሪካ ውስጥ ኧርነስት ስዊትላንድ ፑሮሌተር የተባለውን ፊልትሮ አወጣ፣ ብዙዎች የዘመናዊው ፊልትሮ መነሻ የሚያደርጉት ይህን ነው። የዚያ ዘመን ፊልትሮ ከዘይቱ ጥቂቱን ብቻ ነበር የሚያጣራው። ዘይቱ በሙሉ ወደ ብሮንዚን ከመድረሱ በፊት እንዲጣራ ማድረግ በስፋት የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቆርቆሮው ከነውስጡ ተፈትቶ የሚጣለው ዓይነትም በ1950ዎቹ መጣ። በየከተማችን ዛሬም የሚታየው የድሮው ቮልስ ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ መቀየር ያለበትም ለዚሁ ነው። በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከጣሊያን የጭነት መኪኖች እስከ ዛሬው አይሱዙ ድረስ ሁሉም በዚያው በጣርማ በር መንገድ አልፈዋል።

ውስጡ ሲታይ

ከውጭ አይቶ ፊልትሮ መምረጥ ያሳስታል። ቀለሙም ሆነ የካርቶኑ ጽሑፍ ስለ ውስጡ ምንም አይናገሩም። ጎበዝ መካኒክ የወለቀውን ፊልትሮ ከአፉ ዝቅ አድርጎ በብረት መጋዝ ዙሪያውን ይቆርጥና ያየዋል። ግራይንደር አይመከርም፣ የራሱን ብናኝ ውስጥ ስለሚረጭ ምኑ ከሞተር እንደመጣ መለየት አይቻልም።

መጀመሪያ የሚታየው ወረቀቱ ነው። እጥፋቶቹ እኩል ናቸው ወይ? አንዱ ከአንዱ ተጣብቋል ወይ? የወረቀቱ መጋጠሚያ በደንብ ታሽጓል ወይ? መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ካለ ዘይቱ የሚያልፈው በዚያ ነው፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ነው፣ ብሮንዚን ላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ብናኝ ግን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው፣ በዓይን የማይታየው ነው። ካርቶን ላይ «20 ማይክሮን» ብቻ ተጽፎ ስታዩ አትርኩ። ከዚያ መጠን ስንት በመቶውን እንደሚይዝ ካልተነገረ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፣ ግማሹን የሚይዝም 99 በመቶ የሚይዝም ያንኑ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። የሚታመኑት አምራቾች አይኤስኦ 4548-12 በሚባለው ፈተና ያገኙትን ውጤት ይገልጻሉ።

ሁለተኛው የመመለሻ መከላከያው ጎማ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) እንዳይወርድ ይይዘዋል። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ናይትራይል የሚባል ጎማ ነው፣ በሙቀት ብዛት እየደረቀ ይሄዳል። ብርቱካንማ ወይም ቀይ የሆነው በአብዛኛው ሲልከን ነው፣ ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል። ለደብረ ብርሃን ጠዋትና ለሸዋ ሮቢት ቀትር እኔ ሲልከኑን እመርጣለሁ። ጎማው ከሞተ ምልክቱ ጠዋት ይሰማል፣ መኪናው ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ይንኳኳል፣ የዘይት መብራቱም ቶሎ አይጠፋም። በተለይ ፊልትሮው ጎኑን ወይም አፉን ወደ ታች አድርጎ የሚታሰርበት ሞተር ላይ ይህ ይበረታል።

የወረቀቱን ጫፍና ጫፍ የሚይዘው ክዳን ከቆርቆሮ ወይም ከጠንካራ ካርቶን ይሠራል። ካርቶን የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ በደንብ ከተጣበቀ ይሠራል፣ የላላ ቆርቆሮ ግን አያገለግልም።

ቶዮታ

በዞናችን መንገድ ላይ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይሩፍ፣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ሞልተዋል። የቶዮታ የቆርቆሮ ፊልትሮ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ90915 ይጀምራል፣ አዳዲሶቹ ሞተሮች የሚወስዱት በፕላስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ኩባያ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ደግሞ በ04152። «የቪትዝ ፊልትሮ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አያዋጣም። ቪትዝ የተለያየ ሞተር አለው፣ የድሮው ቆርቆሮ ሲወስድ ከአዲሶቹ ወረቀት የሚወስድ አለ። የሞተሩን ኮድና የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይሻላል፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በስልክ ለምታስመጡም እንደዚሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ፊልትሮው የሚጠመዘዝበት የጥርሱ ነገር ነው። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚወስዱት በኢንች የሚለካ 3/4-16 ጥርስ (ስፋቱ 3/4 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ) ነው። ሆንዳ ደግሞ ኤም20 በ1.5 (ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር) ይወስዳል። 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የሆንዳውን ፊልትሮ ቶዮታው ላይ ብታስሩት ይገባል፣ የታሰረም ይመስላል። ግፊቱ ሲጨምር ግን ሊላቀቅ ይችላል፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ዘይት ይቀራል። ይህ ጣርማ በር ዳገት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። «ገባ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም።

ኦሪጅናል ብቻ ይሁን የሚሉ ሰዎች አሉ። የቶዮታን ፊልትሮ ከሚሠሩት አንዱ ዴንሶ ነው፣ ማን-ፊልተር፣ ማህሌ፣ ቦሽና ሳኩራም የታወቁ ናቸው፣ ስለዚህ ከቶዮታ ካርቶን ውጭ ጥሩ የለም ማለት አይቻልም። ፎርጅድ የሚበዛው ይልቁንም በቶዮታ ካርቶን ነው። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ፊደል የተሳሳተ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ከታተመው የማይገጥም፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ይቅርባችሁ።

አይሱዙና ሌሎች ናፍጣዎች ብዙ ጥላሸት ስለሚያመርቱ ትልቅ ፊልትሮ ይፈልጋሉ። በትንሽ መተካት ክልክል ነው።

ሞተር ሳይክል

ሞተር ሳይክል ላይ ያው ዘይት ፍሪሲዮኑንም ካምቢዮውንም ያለሰልሳል። የፍሪሲዮን ብናኝና የማርሽ ብረት ሁሉ እዚያው ይገባል፣ ዘይቱም ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ዘይቱ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ይሁን፣ ያለዚያ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል።

ፊልትሮው በሦስት ዓይነት ይመጣል። የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተርና እሱን ተከትለው የተሠሩት ብዙ የቻይና ሞተሮች ወረቀት የላቸውም፣ ወንፊትና እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ጠርዝ የሚወረውር ኩባያ ነው ያላቸው። ይህ አይገዛም፣ ይከፈታል፣ ይጸዳል። ብዙዎች የሚረሱትም ይህንን ነው። እንደ ፐልሰር ያሉት ትንሽ ወረቀት ፊልትሮ ይወስዳሉ። ይህን ወረቀት በቤንዚን አጥቦ መመለስ በየከተማው ይታያል፣ በጣም ጎጂ ነው፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ የተያዘውም ቆሻሻ ወደ ውስጠኛው ጎን ሊያልፍ ይችላል። ሲገጠም ደግሞ የትኛው ጎን ወደ ውስጥ እንደሚሆን መታየት አለበት፣ ከተገለበጠ የዘይቱን መንገድ የሚዘጋባቸው ሞተሮች አሉ። ሞላውና ጎሚኒው (ማሸጊያ ጎማው) እንዳይረሱ። ሦስተኛው የመኪና የሚመስለው ቆርቆሮ ነው፣ ትልልቆቹ ላይ ይገኛል። የመስክ ሠራተኞች ይነዱት የነበረው ያማሃ ኤጂ 100 ደግሞ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል የሞተር ዘይት ፊልትሮ የለውም።

ሲታሰርና ሲቀየር

የድሮው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ መቅረቱን እዩ። በሁለት ጎሚኒ ላይ የታሰረ ፊልትሮ መንገድ ላይ ያፈሳል። አዲሱን ጎሚኒ በአዲስ ዘይት ቀቡት፣ በእጅ አዙራችሁ ጎሚኒው ከነካ በኋላ አብዛኛው አምራች የሚለው ሦስት አራተኛ ዙር ነው። በመፍቻ አታጥብቁ።

በየሁለት ዘይት አንዴ ይቀየር የሚሉ አንዳንድ የድሮ ማንዋሎች አሉ፣ አስፋልት ላይ ብቻ ለሚሄድ መኪና ያስኬድ ይሆናል። ለመንዝ አቧራና ለጣርማ በር ዳገት ግን በየዘይቱ መቀየር ነው ያለበት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የግል መኪና እንዳይገባ ስለወሰነ አሁን በእጃችን ያሉት ሞተሮች ለብዙ ዓመት መቆየት አለባቸው።

የወለቀው ፊልትሮ አፉን ወደ ታች አድርጎ አንድ ሌሊት ይንጠፍጠፍ። ዘይቱን ቆላ ላይ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀቡበት አሉ፣ በደብረ ብርሃኑ «በሬሳ» ወንዝ ዳር መድፋት ግን ከከተማዋ በታች ያለውን ውኃ የሚጠቀሙትን ገበሬዎች መጉዳት ነው።